ኮፈኑን ስዳስስ

ሞንጎሊያ፣ ዳርካን ላይ፣ ጥር ሲገባ ትንፋሽ ቅንድብ ላይ ይረጋል፤
ምራቅ መሬት ሳይደርስ ይጠጥራል፤ ብረት የነካውን ጣት ይዞ ያስቀራል።
እኔ ግን ቆሜያለሁ፣ ከአሮጌ መኪና ተራ፣
የሁለት ዓመት ሰሃን አጠባ ካልሲዬ ውስጥ ተቋጥሮ ሲኮራ።

አሥራ ስምንት ሊሞላኝ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፤
መንጃ ፈቃዱ ይደርሳል፤ ልቤ ግን ቀድሞኝ ወጥቶ ከመሪው ኋላ ተቀምጧል።

ነጩን ሃይብሪድ አየሁት።
አየሁት ማለት ይቀለኛል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሳየው ነው የከረምኩት።
ግራ መስታወቱ በፕላስተር ታስሯል፤
መሪው በቀኝ ነው፤ አገሩን ቢለቅም አመሉን ይዞ ቀርቷል።
የኋላ መስኮቱ ላይ ልጅ የለጠፈው ቢጫ ዳክዬ አለ፣
ጭራው ተልጦ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እንደፈጠጠ ያለ።

ሻጩ ጋንጁር ይባላል፤ አንዱ ጥርሱ ወርቅ ነው።
«ቁጥሩን እዪው» አለኝ፤ «ዘጠና ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።»
እኔ ወንበሩን አየሁ፤ የሾፌሩ በኩል ተቦርቡሯል፤
ዘጠና ሺህ ብቻ የነዳ ሰው እንዲህ ያለ አጥንት ከየት ያመጣል?

ቁልፉን ተጫነ። ዝም።
«ሞቷል እንዴ?» አልኩት። ለካ ተነስቷል፤ ድምፅ የለውም።
ከዚያ አንዲት ሴት ከዳሽቦርዱ ውስጥ ተናገረች፣
በጃፓንኛ፣ በትህትና፣ አንድ ነገር አሳሰበች።
«ምን አለች?» ብለው ትከሻውን ሰበቀ፤
«አሥር ዓመት ስሸጥ ይኸንኑ ነው የምትለው፤ እስካሁን ማንም አላወቀ።»

አጎቴ ሉቭሳን በስልክ ነው ምክሩ፦
«ሞተሩን ተዪው፤ የዚህ ዕቃ ጉዱ ባትሪው ነው፣ ከኋላ መቀመጫው ሥሩ።
ቤንዚን ይቆጥባል፣ እውነት ነው፤ በትንሽ በልቶ ያድራል፤
ባትሪው የደከመ ዕለት ግን ያጠራቀመልሽን ሁሉ ባንድ ጉርሻ ይውጣል።»
እናቴ «ገንዘቡ ያንቺ ነው» ብላ ዝም አለች፤
ከስድብ ሁሉ የከበደች ዓረፍተ ነገር ይህች ነች።

የሙያ ትምህርት ቤቴ አርባ ኪሎ ሜትር ነው ርቀቱ።
አውቶቡሱ ከሞላ አይቆምም፤ እጃቸውን ዘርግተው መንገድ ላይ የቀሩ ስንቱ!
ሦስቱን አውቃቸዋለሁ።
አንዷ እኔ ነኝ፤ አውራ ጣቴ እስከ ዛሬ ይደነዝዛል፣ እያሸሁ እውላለሁ።

«ሌሊቱን እዚሁ ሜዳ ላይ ይደር» አልኩት፤ «ማንም እንዳይነካው።
ጎህ ሳይቀድ እመጣለሁ፤ ከነብርዱ እኔው ላስነሳው።»

እንቅልፍ የለም። ጣራ እያየሁ ሒሳብ፤
ጎማ ሲደመር፣ ባትሪ ሲቀነስ፤
አንዴ ባለ መኪና ነኝ፤ አንዴ ባለ ሰሃን፣ ባለ ሳሙና፣ ባለ ሐሳብ።

ሄድኩ። ከዋክብት አልገቡም፤ ውሻ እንኳን አልጮኸም።
መኪኖቹ ሁሉ በረዶ ለብሰዋል፣ ብርድ ልብስ እንደደረበ ሕሙም።
ነጩ ግን፣
ነጭነቱ የቀለም ነው እንጂ የአመዳይ አይደለም።

ጋንጁር ከጎኑ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። «ነይ ኖሙን፣ ሞክሪው» አለኝ በደስታ።
ጓንቴን አወለቅሁ፤ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አኖርኩ፣ ለአንድ አፍታ።

ለብ ብሏል።
እንደ ተኛ ድመት ሆድ ለብ ብሏል።

እሱ መዳፌን አየ፤ እኔ ዓይኑን። ማንም ምንም አላለ።
የሻዩ እንፋሎት ብቻ በመሃላችን ሲወጣ፣ እየሳሳ፣ እየቀለለ።
ልቆጣ ነበር፤ ሳቄ መጣ።
ይህ ሰውዬ በእኩለ ሌሊት ተነስቶ፣ ለዚች ብልሃቱ ስንት ብርድ ጠጣ!
እንግዲያው ፈርቷል፤
የሚፈራ ሻጭ የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል።

ሴትዮዋ ከዳሽቦርዱ ያችኑ ቃሏን ደገመች፤
ዛሬም አልገባኝም፤ እሷ ግን ቢያንስ አልዋሸች።

ጓንቴን አጠለቅሁ። ካልሲዬ ውስጥ ያለው ገንዘብ ቁርጭምጭሚቴን ቆረቆረኝ።
«ነገም እመጣለሁ» አልኩት፤ «ግን አንተን ቀድሜ ነኝ።»

አውቶቡሱ፣ ለክፋቱ፣ ያን ዕለት ቆመልኝ።